ግንብ ያልተሻገረ መርዶ

ወይናምባ፣ ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ሮዛ፤

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ሳልጠይቅ አልጀምርም፤ እኔ ደህና ነኝ ብዬ ግን ልዋሽሽ አልችልም። ባለፈው ደብዳቤሽ «ምነው ጠፋህ፣ አምለሰት ወንድሜ ረሳኝ እያለች ነው» ብለሽኛል። አልረሳኋትም። የምጽፍላት ቃል አጥቼ ነው።

ሮዛ፣ የእኔና የአምለሰት እናት ውባየሁ አርፋለች። መስከረም ላይ ገበያ ሰፈር እሳት ተነሣ፤ ከጋዝ መሸጫው ነው የጀመረው ይላሉ። እኔ ለቅየሳ ገጠር ወጥቼ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በባልዲና በጀሪካን ተረባርቧል። በራችን እንደ ወትሮው ክፍት ነበርና ሰዎች እስከ ጓዳው ደፍረው ገብተዋል፤ ነገር ግን ጣሪያው ቀደማቸው። ከተማችን የእሳት አደጋ መኪና እንደሌላት ታውቂያለሽ። ከጎረቤት ከተማ የተላከው የደረሰው ሰዉ አመዱን በአካፋ ሲገልጥ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። አርባዋን በዚህ ወር አወጣን።

ለአምለሰት አልነገርኳትም። አንቺም እንዳትነግሪያት እለምንሻለሁ። ሰው በባዕድ አገር፣ በሰው ቤት፣ ብቻውን መርዶ አይሰማም። ማን ይይዛታል? ማን አብሯት ያለቅሳል? የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወልደየስም መክረውበታል። «ዝም አይነቅዝም። ውሏ በሚመጣው ክረምት ያልቃል፤ ትምጣና ጎህ ሲቀድ፣ እህል ቀምሳ፣ ወገኖቿ ከበዋት በወጉ እናረዳታለን» አሉ። ለአንቺ የነገርኩሽ ከሌላ ሰው ሰምተሽ በድንገት እንዳያመልጥሽ ነው። ከእሷ ጋር እንዴት እንደምትገናኙና ቤቱ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ።

እናትሽ እትዬ ቦሰና ደህና ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ስለሆነ እሳቱ አልደረሰበትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አግኝቻቸው ስለ አንቺ ስንጫወት ዋልን።

ወንድምሽ ዘሩባቤል

አል ዐዚዚያ፣ ኾበር፣ ጥር 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጋሼ ዘሩባቤል፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ይህን ቃል በወረቀት መላክ እንዴት ያስጠላል።

ደብዳቤህን የሰፈራችን ሱቅ፣ የባቃላው ሕንዳዊ ከዳቦው ጋር ሰጠኝ። የእሱ ፖስታ ሳጥን ባይኖር እኔን የሚያገኘኝ ማዳሜ ብቻ ነበረች፤ ስልክ እንደሆነ በዚህ ቤት ለእኔ ማፊ፣ የለም ነው። እዚያው ከሩዝ ጆንያዎቹ መካከል ቆሜ አነበብኩት። ማዳም ዓይንሽ ምን ሆነ ስትለኝ ሽንኩርት ነው አልኳት። የዚህ አገር ሽንኩርት ስንቱን ጉድ ሸፈነልኝ መሰለህ። እትዬ ውባየሁ ልጅ ሆኜ ጡታቸውን አላጠቡኝም እንጂ ከአምለሰት ለይተውኝ አያውቁም።

የምንገናኘው ጣሪያ ላይ ነው። እኔና አምለሰት የምንሠራባቸው ቤቶች ጀርባ ለጀርባ ናቸው፤ ልብስ ስናሰጣ በመካከላችን ያለው ግንብ ብቻ ነው። እህትህ መለሎ ናትና ዓይኗ ይታየኛል፤ እኔ ድንኳ የቀለም ጣሳ ላይ እቆማለሁ። በደህናው ጊዜ ስንሳሳቅ ማዳሞቹ እስኪጮሁብን ድረስ ነው። መርዶ ግን በግንብ ላይ አይወረወርም፤ በዚህ እስማማለሁ።

የአሠሪዋ ነገር ይገርምሃል። ባባ የምትለው መሐንዲስ ነው፤ ለአዳዲሶቹ የደማምና የኾበር መንደሮች የፖሊስና የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚነድፍ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። ፕላኑ የምግብ ጠረጴዛውን ሞልቶ ይውላል፤ እሷ ዙሪያውን እየወለወለች ታልፋለች። ካርታ ላይ በጣቢያው ዙሪያ ክብ ይሠራል አለችኝ። ክቡ ውስጥ ያለ ቤት መኪናው ቶሎ ይደርስለታል። የእኛም መንገድ ጫፍ ላይ አንድ ጣቢያ እየተሠራ ነው። ይኸው ሰውዬ ታዲያ ከቤት ሲወጣ በሩን ከውጭ ቆልፎባት ይሄዳል። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ጠፍታ ሁሩብ፣ ኮብልላለች ብለው፣ ስላስመዘገቡባት ማዳሟ ሰው አታምንም። መስኮቱ ሁሉ ብረት ነው። ይኼ ነገር ደግ አይደለም ስላት «ሌባ ፈርተው ነው» ትላለች። ስለ ሰው ክፉ ማሰብ አይሆንላትም።

ስለ ክቡ ከነገረችኝ በኋላ «የእማዬ ቤት እንዲህ ያለ ክብ ውስጥ ይሆን?» አለችኝ። «እናቴ ለምን በራሷ ቃል ሰላምታ አታስጽፍልኝም» ብላም ጠይቃለች። ዞር ብዬ አንሶላ አሰጣሁ።

ሮዛ

ወይናምባ፣ መጋቢት 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሮዛ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ስለ ክቡ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ከእሳቱ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ አዲስ የፖሊስና የእሳት አደጋ ጣቢያ በአንድ ግቢ ሊሠራ ወስኖ፣ እኔንም በቀያሽነቴ ኮሚቴው ውስጥ አስገብቶኛል። ያንን ክብ በከተማችን ካርታ ላይ ሠርቼ ለስብሰባው አሳየሁ። ተመለከቱት፣ ጥሩ ነው አሉ፣ ከዚያ የአዛዡ ቢሮ በረንዳ ይኑረው አይኑረው ወደሚለው ተመለሱ።

ጭቅጭቁ የበሩ ነው። የፖሊሱ ተወካይ ዋናው በር አስፋልቱ ላይ የፖሊስ ይሁን፣ የእሳት መኪናው በጀርባ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ይውጣ ይላል። የወፍጮ ቤቱን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ በገበያ ቀን ከነጭነቱ የቆመ አህያ አልፎ ሰው እንኳ አይገባበትም። ሰውየው መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የእስረኛ ጉዳይ ያስጨንቀዋል። እኔ ግን በተናገረ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው፤ አቋርጬ እወጣለሁ። አምለሰትን ባባ በሚነድፈው ላይ መውጫው እንዴት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ለምን ካለችሽ ሥራው ነው በያት፤ ውሸት አይደለም።

«እናቴ ለምን በራሷ ቃል ሰላምታ አታስጽፍልኝም» ብላለች ላልሽው፣ ለእሷ የጻፍኩትን እዚህ ውስጥ አኑሬያለሁ። እናታችን ሰላም ትልሻለች፣ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት የሚል አለበት። ይህን መስመር ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና ከቤት ወጣሁ። ሮዛ፣ ኃጢአት ይሁን ደግነት እኔ ራሴ አላውቅም። ክረምቱ እስኪደርስ ብቻ ነው።

እናትሽ ደህና ናቸው።

ዘሩባቤል

አል ዐዚዚያ፣ ሰኔ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጋሼ ዘሩባቤል፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ።

የጠየቅከውን አምለሰት አይታልሃለች። የመኪናው መውጫ ለብቻው ነው፤ ሰፊ ነው፤ ከፖሊሱ በር ጋር አይነካካም፤ ፊት ለፊቱ ላይ መኪና ማቆም ክልክል ነው። ፕላኑ ላይ አጎንብሳ ስታይ ባባ ድንገት ገባባት። ኸላስ፣ ዛሬ ጉዴ ፈላ ብላ ስታፈገፍግ ሰውዬው ሳቀ፤ ወንበር ስቦ ለልጆቹ እንደሚያስረዳው አስረዳት። ለወንድሟ ከተማ መሆኑን ስትነግረው ደስ ብሎት «ከመንገዱ በሩን አስቀድሙ» አላት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ጋሼ። የሚያናድደኝም ይኼው ነው። በማግስቱ ቆልፎባት ወደ ባሕሬን ሄደ።

አሁን ዋናውን ልንገርህና ቁጭ ብለህ አንብበው። ባለፈው ዓርብ ሁለቱ ቤቶች አንድ ላይ ወደ ባሕሩ ወጡ፤ እኛም ልጅና ምግብ ልንጠብቅ ተወሰድን። ያለ ግንብ ጎን ለጎን ስንቀመጥ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ልነግራት አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሷ ግን እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ እንዲህ አለችኝ፦

«ሮዚ፣ ሁለት ዓመት ልጨምር ነው። የእማዬን ጭቃ ቤት አፍርሼ በድንጋይ ሳልሠራላት አልመጣም። ዘሩ ወገቧን ያማታል ብሏል፤ ብርዱ እኮ ነው።»

ያ ያንተ የወገብ ሕመም ነው ጋሼ። ከየት አመጣኸው? እዚህ ቤት የያዛት አንድ ነገር እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ የሉም። አንተ «እሷ እስክትመጣ አልነግራትም» ትላለህ፣ እሷ ደግሞ ስላልነገርካት አትመጣም። ይኼን ቋጠሮ ጋሽ ወልደየስ ይፍቱት። ልንገራት ወይ? በቶሎ መልስልኝ።

ለእናቴ ያለኝን ሰላምታ እግራቸው ስር ወድቀህ አድርስልኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመጡ አየኋቸው ማለትህን ለምን ተውክ?

ሮዛ

ወይናምባ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሮዛ፤

ደብዳቤሽ የዘገየው ፖስታ ቤት ተኝቶ ነው፤ መልሴ እንዳይዘገይ ግን ዛሬውኑ እጽፋለሁ። በመጀመሪያ ስለ ወገቡ ይቅርታ። ሰው ሁሉን ነገር ደህና ነው ካለ አይታመንም ብዬ ነበር።

ለጋሽ ወልደየስ አነበብኩላቸው። እዚያ ብቻዋን ከምትሰማ ሌላ ምክንያት ፈጥረን እናምጣት አሉ። ስለዚህ ላገባ ነው፣ ለሠርጌ ድረሽልኝ ብዬ ጽፌላታለሁ። ሙሽራ የለኝም። ለእህቴ ሠርግ ብዬ የምጠራት ለለቅሶ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛልና ለአንቺ ጻፍኩት። አትንገሪያት። በዚህ እንሞክርና እንይ።

ኮሚቴው ለክረምት ተበትኗል። ያላችሁኝን ስለ መውጫው ተናግሬ ነበር፤ የፖሊሱ ተወካይ «ከየት አመጣኸው?» ሲለኝ ከእህቴ አልኩት። ስለ እናትሽ አትስጊ፤ ደህና ናቸው።

ዘሩባቤል

አል ዐዚዚያ፣ መስከረም 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንኳን አደረሰህ እላለሁ፤ ሌላ የምለው መልካም ነገር የለኝም። ለሁለት ዓመት ፈረመች።

ስለ ሠርጉ አንብባ እልል አለች፤ ግንቡን ተሻግሮ ማዳሜ ሰምታ ምን ሙሽኪላ፣ ምን ችግር ተፈጠረ ብላ ወጣች። «ይሁን፣ እናቴን ደስ ያሰኝልኝ። የሠርጉን ልብስ ለእማዬ ከዚህ እልክላታለሁ፤ እኔ ግን ቤቱን ሳልሠራ ለጭፈራ ብዬ አልመጣም» አለችኝ። ከዚያ ካፊሏ፣ ያው አሠሪዋ ባባ፣ የውሉን ወረቀት አመጣ፣ እሷም ፈረመችበት። ለእናትህ የገዛችው ሐር ሻሽ ሻንጣዋ ውስጥ ነው። ግንቡ ላይ ዘርግታ አሳየችኝ። ያምራል አልኳት።

ተቆጥቻለሁ ጋሼ፤ ታላቄ ስለሆንክ ብቻ ነው ቃሌን የምመርጠው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ወጉ እንዲህ ነው ትላላችሁ፤ በየቀኑ ጣሪያ ላይ ወጥቼ «እማዬ ምን ትሠራ ይሆን አሁን?» የምባለው እኔ ነኝ። ከእንግዲህ አልችልም። ፈቃድህን ላክልኝ፤ ካልላክህም እነግራታለሁ።

የመንገዳችን ጫፍ ጣቢያ ተከፈተ። ባባ ልጆቹን ሊያሳይ ሲወስድ እሷንም ለዕቃ ያዥነት ይዟት ሄደ። የመኪናው በር ሲከፈት አይታ «ለዘሩ ንገሪልኝ፣ ድምፅ እንኳ የለውም» አለችኝ። በአንተ ኮሚቴ መግባት ትኮራለች። «እናቴም ኩራት ይሰማታል» ትላለች።

ሮዛ

ወይናምባ፣ ኅዳር 11 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለሮዛ፤

ቁጣሽ ይገባኛል። ልክ ነሽ። ጋሽ ወልደየስንም አላማከርኩም፤ ይህ የእኔ ቃል ነው። ንገሪያት። ሰው ብታገኚ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ፣ ባታገኚ ብቻሽን። እህል ሳትቀምስ አትንገሪያት። ያቺን የወገብ ነገር የፈጠርኩት እኔ መሆኔንም ንገሪያት፤ ትርገመኝ። ፊርማዋን መመለስ ባይቻል እንኳ ኹሩጅ የሚሉትን የመውጫ ፈቃድ እንድትለምን፣ ባባ ደግ ሰው ነው ካልሽ የእናት ሞት ይገባው ይሆናል።

ፕላኑ ጸደቀ። ጣቢያው የሚሠራው እሳቱ ባጸዳው ቦታ ላይ፣ ገበያ ሰፈር ነው፤ የመኪናው ማቆሚያ የሚያርፈው ጓዳችን በነበረበት ላይ ነው። መውጫውም ለብቻው፣ ወደ አስፋልቱ ሆነ። የፖሊሱ ተወካይ በመጨረሻ እጁን አወጣ። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደሩ ላይ «በእሳቱ የሞቱት እናትህ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» አለኝ። ክቡ አሁን ወንዙን ተሻግሮ የእናትሽንም ቤት ይይዛል።

እሳቸው ደህና ናቸው።

ዘሩባቤል

አል ዐዚዚያ፣ ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጋሼ ዘሩባቤል፤

ይህን ደብዳቤ ደራርቱ በምትባል የአገራችን ልጅ እጅ ነው የላክሁት፤ ኹሩጅ ተመትቶላት ወደ አገሯ እየገባች ነው። ለአንተ እንዳትሰጥ፣ ለጋሽ ወልደየስ እንድትሰጥ በማርያም አስምዬያታለሁ። እንግዲህ እጅህ ከገባ እሳቸው አጠገብህ አሉ ማለት ነው። እህልም አስቀምሰውሃል። እንዲህ ካልሆነ አጥፈው፣ ሰው ጥራ፣ ከዚያ አንብበው።

አሁን ሰው አለ ብዬ ልቀጥል። አምለሰት አርፋለች።

ፈቃድህ ደርሶኝ ነበር። ለቅዳሜ አሰናድቼ ነበር። ማዳሜ እንግዳ ስለነበረባት አምለሰትን ለሥራ ከጎረቤት እንድትዋሳት ለመንኳት፤ እሺ አለች። ከወዲያኛው መንገድ መሊካ የምትባል የወሎ ልጅ ትመጣለች፤ ሦስት እንሆናለን፣ ሦስት ሰውም ሰው ነው ብዬ ነበር። ለቁርሷ ጨጨብሳ የማደርግበትን ዱቄት ሳይቀር ደብቄ አስቀምጬ ነበር። ሐሙስ እነ ባባ ባሕሬን ሄዱ። የጣሪያውንም በር ሲሄዱ ይቆልፉታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከክፍሏ ኤርኮንዲሽን ነው የተነሣው አሉ። ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። ስለዚያ ሌላ አትጠይቀኝ፤ አሁንም ሆነ ስንገናኝ።

መኪናው ወዲያው ደረሰ ጋሼ። ለማዳሜ ጮኼላት ደወለች፣ ስልኩን ሳትዘጋ ጡሩንባው ተሰማ። ክቡ ውስጥ ነበርን። ሰዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ሲሮጡ አይቻለሁ። ነገር ግን የውጭው በር ብረት ነው፣ የውስጡም ብረት ነው፣ መስኮቱም ብረት ነው። እሱን እስኪቆርጡ ጭሱ ጨረሳት። እናንተ ጋ በሩ ክፍት ነበር፣ መኪናው አልመጣም። እዚህ መኪናው መጣ፣ በሩ አልተከፈተም።

ባባ ሲመለስ መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልፉን እያየ «ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ኪሴ ውስጥ ነበር» ይል ነበር። ልሰድበው ሄጄ አልቻልኩም። አስከሬኗ ደማም ሆስፒታል ነው፤ ወረቀቱን ይዞ የሚሯሯጠው እሱ ነው፤ ወደ አገሯ እልካታለሁ ብሏል። ሻንጣዋ አልተቃጠለም። ሻሹ ለአንተ ይመጣል።

እናቷ እንዳለች እያመነች ነው የሄደችው። ይህን ማጽናኛ ብሎ የሚነግርህ ሰው አይጠፋም። ለእኔ አልሆነልኝም። ዝም አይነቅዝም ብለውህ ነበር፤ ነቅዟል። ሰኔ ላይ ባሕሩ ዳር ብነግራት አልቅሳ፣ ጠልታኝ፣ አገሯ ትገባ ነበር። አንተም ታውቀዋለህ፣ እኔም አውቀዋለሁ። እንግዲህ አብረን እንሸከመው።

ጣሪያ መውጣት ትቻለሁ። ልብሱን ግቢ ውስጥ ነው የማሰጣው። እናቴን እይልኝ።

ሮዛ

ወይናምባ፣ የካቲት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

እህቴ ሮዛ፤

ደራርቱ አደራሽን ጠብቃለች። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ወልደየስ ከነሰፈሩ በሬን ሲያንኳኩ ደብዳቤው ሳይከፈት አወቅሁ። ሲያበሉኝ በላሁ። መርዶዬን በወጉ ሰማሁ፤ የያዘኝም ሰው ብዙ ነበር። እንዲያም ሆኖ ወግ አያድንም፤ ሲወድቁ መደገፍ ብቻ ነው የሚችለው።

የጣቢያው መሠረት ተቆፍሯል። የአምለሰትን ቦታ ከእናታችን ጎን ራሴ ለካሁት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ጥሪ አልልሽም፤ እህል ቅመሺም አልልሽም፤ ባቃላው ውስጥ ከሩዝ ጆንያዎቹ መካከል ቆመሽም ቢሆን አንብቢው። እናትሽ እትዬ ቦሰና ታመዋል። ካለፈው መጋቢት ጀምሮ ነው። በየደብዳቤው ደህና ናቸው ያልኩሽ «ልጄ በሰው አገር አትጨነቅብኝ» ብለው በመስቀል ስላስማሉኝ ነው። ሐኪሙ ልባቸው ነው ይላል፤ ብዙ ጊዜም አልሰጣቸውም። ከአልጋ መነሣት ትተዋል። ነገር ግን ይናገራሉ፣ ሰው ይለያሉ፣ ትናንት ማታ ስገባ በድምፄ አውቀውኝ «የሮዛ ወሬ አለ?» ብለውኛል።

መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ጋሽ ወልደየስም አልፈቀዱልኝም። ኹሩጅሽን ዛሬ ጠይቂ። በሕይወት አሉ ሮዛ። ነይ።

ዘሩባቤል